የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው፤ በሮዝዌል ደጃፍ ያለው የዱር እንስሳት ጥበቃ ሥራ

የሮዝዌልን ከተማ ታክኮ የሚወርደው የቻታሁቺ ወንዝ ለብዙ ኢትዮጵያውያን ጠዋት ወደ ሥራ፣ ማታ ወደ ቤት ሲሉ በድልድይ የሚሻገሩት ውኃ ነው። ቅዳሜ ልጆቻቸውን ይዘው ለሽርሽር የሚወርዱም አሉ። ያ ጫካና ያ ወንዝ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መሆኑን፣ ደመወዝ፣ የጤና መድንና ጡረታ ያለው እንጀራ እንደሚበላበት ልብ የሚል ግን ጥቂት ነው። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1978 የጆርጂያው ተወላጅ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በፈረሙት ሕግ ከቡፎርድ ግድብ እስከ ፒችትሪ ክሪክ ያለው 48 ማይል ወንዝ በናሽናል ፓርክ ሰርቪስ ሥር ተጠቃለለ። ከፓርኩ ይዞታዎች አንዱ የሆነው ቪከሪ ክሪክ ሮዝዌል ውስጥ ነው። ዋናው ጽሕፈት ቤትም ወንዙን ተሻግሮ ሳንዲ ስፕሪንግስ፣ አይላንድ ፎርድ ላይ ይገኛል። አዲስ አበባ ተቀምጦ አዋሽን ወይም ሰሜን ተራሮችን ለማየት ቀን ሙሉ መጓዝ ያስፈልግ ነበር፤ የሮዝዌል ልጅ ግን ብሔራዊ ፓርክ በብስክሌት ይደርስበታል።

ታዲያ ለምን ጥቂት ያመለክታል? አንደኛው ምክንያት ቃሉ ነው። ልጅ «ሬንጀር መሆን እፈልጋለሁ» ሲል ወላጅ የሚሰማው «ዘበኛ» ብሎ ነው። «ዘበኛ እንድትሆን ነው ይህን ሁሉ ባሕር አቋርጬ ያመጣሁህ?» ይባላል። ሬንጀር ግን ዱላ ይዞ በር የሚጠብቅ ሰው አይደለም። አንዱ የባዮሎጂ ምሩቅ ሆኖ አዕዋፍና ዓሣ ይቆጥራል፤ ሌላው የወንዙን ውኃ ናሙና ወስዶ ለዋናተኛ ይስማማ እንደሆነ ያስመረምራል፤ ሌላው ተማሪዎችን ያስተምራል፤ ሌላው ሕግ ያስከብራል።

በሩም አንድ ብቻ አይደለም። ፊሽ ኤንድ ዋይልድላይፍ ሰርቪስ የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት በጆርጂያ እ.ኤ.አ. በ1937 የተቋቋመውን ኦኬፈኖኪንና በ1939 የተቋቋመውን ፒድሞንት የዱር እንስሳት መጠለያ ያስተዳድራል። የዚሁ መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪዎች በአትላንታ በኩል የሚገባውንና የሚወጣውን የዝሆን ጥርስ፣ ቆዳና ሕይወት ያለው እንስሳ ይፈትሻሉ። የክፍለ ሀገሩ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ደግሞ ዋይልድላይፍ ሪሶርስስ የሚባል ክፍል አለው፤ የዱር እንስሳት ባለሙያ፣ የዓሣ ማራቢያ ሠራተኛና የመስክ ቴክኒሻን ይቀጥራል። አውራጃዎችና ከተሞችም የየራሳቸው የፓርክ መሥሪያ ቤት አላቸው።

ከሁሉም በፊት መታወቅ ያለበት የዜግነት ጉዳይ ነው። ፕሬዚዳንት ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት ትእዛዝ መሠረት መደበኛው የፌዴራል ሥራ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ለአሜሪካ ዜጎች ብቻ ነው። ግሪን ካርድ አይበቃም። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ሳያውቅ ልጁን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ ግሪን ካርድ ያለው ልጅ 18 ዓመት ሳይሞላው አባቱ ወይም እናቱ ዜጋ ከሆኑና በእነርሱ ሕጋዊ አሳዳጊነት ሥር አብሯቸው እየኖረ ከሆነ፣ ልጁም በዚያው ዕለት ዜጋ ይሆናል፤ ፈተናም መሐላም የለበትም።

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። አባት ቀድሞ መጣ፤ ልጁን በ16 ዓመቱ አስመጣው። አባትየው ግሪን ካርድ ከያዘ 5 ዓመት አልፎታል፤ ነገር ግን ሥራ በዝቶበት የዜግነቱን ፎርም «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» ይላል። ልጁ 18 ሳይሞላው አባት ቢምል ልጁ በኮሌጅ የመጀመሪያ ክረምቱ ለፓርክ ሥራ ማመልከት ይችላል። ከልደቱ በኋላ ከማለ ግን ልጁ የራሱን 5 ዓመት ቆጥሮ፣ ምናልባት በ21 ዓመቱ፣ ለራሱ ያመለክታል። እስከዚያ ኮሌጁ ሊያልቅ ነው። አንድ ፎርም መሳቢያ ውስጥ ስለቆየ አራት ክረምት ይባክናል።

ዜግነት እስኪመጣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ግን አያስፈልግም። ግሪን ካርድ ያለው ወጣት የሚገባባቸው በሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1970 የተጀመረው ዩዝ ኮንሰርቬሽን ኮር ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትን በክረምት እየከፈለ ያሠራል። በ1957 የተመሠረተው ስቱደንት ኮንሰርቬሽን አሶሲዬሽን የተማሪዎችን ኢንተርንሺፕ ከፓርኮች ጋር ያገናኛል። ፐብሊክ ላንድስ ኮር በሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ከ16 እስከ 30 ዓመት ያሉ ይሳተፋሉ፤ ደንቡ የሚጠይቀውን 640 ሰዓት በአጥጋቢ ሁኔታ ያጠናቀቀ፣ ዜግነትና ለሥራው የሚያስፈልገው ብቃት ካለው፣ ለሁለት ዓመት ያህል ከሕዝብ ጋር ሳይወዳደር ሊቀጠር ይችላል። 640 ሰዓት የ16 ሳምንት ሥራ ነው፤ ሁለት ክረምት ይበቃዋል። ገና ለሚጀምረው ደግሞ ሮዝዌል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1976 የተከፈተው ቻታሁቺ ኔቸር ሴንተር አለ። የመንግሥት ባይሆንም በጎ ፈቃደኞችን ይቀበላል፤ የቆሰሉ ጭልፊቶችንና ጉጉቶችን እያከመ ይለቃል። በነጻ የተሠራ ሰዓትም በማመልከቻ ላይ እንደ ልምድ ይቆጠራል፤ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በደብተር መመዝገብ አለበት።

ሁለተኛው መሰናክል ክሬዲት ነው። ለፌዴራሉ የዱር እንስሳት ባዮሎጂስትነት «ባዮሎጂ ተምሬያለሁ» ማለት ብቻ አይበቃም። ከዲግሪው ውስጥ ቢያንስ 9 ክሬዲት በዱር እንስሳት ትምህርት፣ 12 በዙኦሎጂ፣ 9 ደግሞ በእጽዋት ትምህርት መሆን አለበት። ወላጁ ሐኪም እንዲሆንለት የፈለገውና በኋላ ሐሳቡን የለወጠ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በእነዚያ 9 የእጽዋት ክሬዲቶች ነው። ይህን በሁለተኛ ዓመት ያወቀ ሦስት ኮርስ ጨምሮ ይወጣል፤ ከተመረቀ በኋላ ያወቀ እንደገና ከፍሎ ይማራል። በአቴንስ የሚገኘው የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ዋርኔል ትምህርት ቤት በዚሁ ሙያ ያሠለጥናል። የትምህርት ክፍያ የሚሸፍነው የሆፕ ስኮላርሺፕም ለዜጋ ብቻ አይደለም፤ የነዋሪነቱንና የውጤቱን መስፈርት ለሚያሟላ ግሪን ካርድ ላለው፣ ለስደተኛና ጥገኝነት ላገኘም ይሠራል።

ከአገር ቤት ሙያውን ይዘው የመጡም መዘንጋት የለባቸውም። ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገባ፤ በ2017 ደግሞ ከዚያ ዝርዝር ወጣ። በዚህ መካከል ዋልያ ሲቆጥር፣ ከገበሬ ጋር ሲደራደር፣ በብርድ ሲያድር የኖረ ሰው ያለው ዕውቀት እዚህ አገር በገንዘብ የሚገዛ ነው። ከወንዶ ገነት ወይም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተገኘ ዲግሪ ናሲስ በሚባለው ማኅበር አባል ድርጅት ሊገመገም ይችላል። ዲግሪውን ሻንጣ ውስጥ ቆልፎ መኪና ማቆሚያ ላይ ያረጀ ባለሙያ አንድ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ያጣው ዕውቀቱን ሳይሆን የግምገማውን ወረቀት ነው።

የጊዜውም ሁኔታ ይታወቅ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የፌዴራል ቅጥር ታገደ፤ በፌብሯሪ ወደ 1,000 የሚጠጉ አዳዲስ የፓርክ ሠራተኞች ተሰናበቱ። ስለዚህ በአንድ በር ብቻ መቆም ሞኝነት ነው። የክፍለ ሀገርና የአውራጃ ሥራዎች የራሳቸው መስፈርት ስላላቸው የየማስታወቂያውን ዝርዝር ማንበብ ያስፈልጋል። የፌዴራሉ ማስታወቂያ የሚወጣው ዩ ኤስ ኤ ጆብስ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ነው። የበጋው ሥራ (አሜሪካኖች ሰመር የሚሉት) ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ ስለሆነ በሜይ የሚነቃ ባዶ እጁን ይቀራል። ሬዙሜው እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2025 ማብቂያ ወዲህ ከሁለት ገጽ መብለጥ የለበትም። ለእያንዳንዱ ሥራ የተጀመረበትና ያበቃበት ወርና ዓመት፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደተሠራ መጻፍ አለበት፤ ሰዓት ያልተጻፈበት ልምድ እንዳልነበረ ሊቆጠር ይችላል።

እንግዲህ ወላጅ ዛሬ ማታ የሚያደርገው ሦስት ነገር አለ። የግሪን ካርዱን ቀን አይቶ 5 ዓመት ሞልቶ እንደሆነ ይቁጠር። የልጁን ልደት አይቶ ለ18 ዓመቱ ስንት ወር እንደቀረ ያስላ። ቅዳሜ ደግሞ ልጁን ይዞ ቪከሪ ክሪክ ይውረድና ከሬንጀሩ ጋር ያስተዋውቀው። ሐኪምነትም ነርስነትም የተከበረ ሙያ ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ጫካ የሚወድ ልጅ ያለው ቤተሰብ፣ በሩ የተዘጋው ልጁ ስላልቻለ ሳይሆን ወረቀቱ ስለዘገየ እንዳይሆን መጠንቀቅ አለበት። ሳይቃጠል በቅጠል!