የማክዴቪድ ውል፦ ኮከቡ የተወው ገንዘብ ለኤድመንተን ዋንጫ ያመጣ ይሆን?

በርካቶች የዘመኑ ምርጥ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች የሚሉት ኮነር ማክዴቪድ፣ በአውሮፓውያኑ ጥቅምት 2025 ከኤድመንተን ኦይለርስ ጋር ያለውን ውል ለሁለት ዓመት አራዝሟል። ስምምነቱ ያነጋገረው በክፍያው ትልቅነት ሳይሆን በማነሱ ነው።

ተጫዋቹ በዓመት 12.5 ሚሊዮን ዶላር ያገኛል፤ ይህም በ2017 ከፈረመው ውል ጋር እኩል ነው። የሊጉ ደንብ አንድ ተጫዋች ከቡድኑ የደመወዝ ጣሪያ እስከ 20 በመቶ እንዲከፈለው ስለሚፈቅድ፣ 19 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መጠየቅ ይችል ነበር። ከእርሱ ፊርማ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ የሚኒሶታው ኪሪል ካፕሪዞቭ በዓመት 17 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝለትን ውል ፈርሟል።

ማክዴቪድ ይህን ያህል ገንዘብ ለምን ተወ?

ጣሪያው ያመጣው ጣጣ

የሰሜን አሜሪካው ሊግ የደመወዝ ጣሪያ የተተከለው በባለቤቶችና በተጫዋቾች ማኅበር ውዝግብ የ2004-05 የውድድር ዘመን ሙሉ በሙሉ ከተሰረዘ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 39 ሚሊዮን ዶላር የነበረው ጣሪያ፣ በ2025-26 ወደ 95.5 ሚሊዮን ከፍ ብሏል።

በዚህ የውድድር ዘመን ማክዴቪድ፣ ሊዮን ድራይሳይትል፣ ኢቫን ቡሻርና ዳርኔል ነርስ ብቻ የ46.25 ሚሊዮን ዶላር ድርሻ ይይዛሉ። አራት ሰዎች የበጀቱን ግማሽ ገደማ ሲወስዱ፣ የቀሩት ተጫዋቾች ሌላውን ግማሽ ይቃመሳሉ ማለት ነው።

የዚህ ዋጋ በነሐሴ 2024 ታይቷል። ሴንት ሉዊስ ብሉዝ ለሁለቱ የኤድመንተን ወጣቶች፣ ለፊሊፕ ብሮበርግ 4.58 ሚሊዮን፣ ለዲላን ሆሎዌይ ደግሞ 2.29 ሚሊዮን ዶላር ዓመታዊ ክፍያ አቀረበ። ኤድመንተን በሰባት ቀናት ውስጥ ተመሳሳይ ክፍያ አቅርቦ ሊያስቀራቸው ቢችልም፣ ጣሪያው አላፈናፈነውም። ሁለቱንም አጣ። ሆሎዌይ በቀጣዩ የውድድር ዘመን ለአዲሱ ቡድኑ 26 ጎሎችን አስቆጥሯል።

ቅናሹ ስጦታ ወይስ ማስጠንቀቂያ?

በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የሚኖሩባት ኤድመንተን የስታንሊ ዋንጫን ለመጨረሻ ጊዜ ያነሳችው በ1990 ነው። በ2024 እና በ2025 ለፍጻሜ ደርሳ ሁለቱንም ጊዜ በፍሎሪዳ ፓንተርስ ተሸንፋለች።

በመሆኑም የማክዴቪድ ውሳኔ ሁለት መልእክት ይዟል። ክፍያው ለአመራሩ ተጨማሪ ተጫዋች የሚያስፈርምበት ቦታ ይሰጠዋል። የውሉ ማጠር ግን ተጫዋቹ በ2028 ነፃ ሆኖ መሄድ እንደሚችል ያስታውሳል። ገንዘቡን ትቷል፤ ጊዜውን ግን አልተወም።

ለቀጠናው የሚሆን ትምህርት

የደመወዝ ጣሪያ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ የአገሪቱ እግር ኳስ ክለቦችና ፌዴሬሽኑ የአንድ ተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ሆኖም ውሳኔው ከተጫዋቾች ተቃውሞ ገጥሞታል፤ ከውል ውጪ በስውር ክፍያ ይፈጸማል የሚል ቅሬታም ሲሰማ ቆይቷል።

ልዩነቱ ያለው በአሠራሩ ነው። በሰሜን አሜሪካ ጣሪያው በዋነኛነት የተጣለው በቡድኑ ጠቅላላ ወጪ ላይ ነው። ከሊጉ ገቢም ግማሹ የተጫዋቾች ድርሻ እንዲሆን ከማኅበራቸው ጋር ስምምነት አለ፤ እያንዳንዱም ውል በሊጉ ተመዝግቦ ይጸድቃል። ገቢው ሲያድግ ጣሪያውም ከፍ ስለሚል፣ ተጫዋቹ ደንቡን የሚያከብርበት ምክንያት አለው። ገቢን ሳያጋሩ ደመወዝን ብቻ መገደብ ግን ክፍያውን ከመዝገብ ወደ ጓዳ ሊገፋው ይችላል።

ለኤድመንተን የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፦ ኮከቡ የለቀቀላትን ገንዘብ በትክክለኛው ሰው ላይ ታውለው ይሆን? ካልተሳካላት፣ በ2028 የምታጣው ዋንጫውን ብቻ ላይሆን ይችላል።