የቅጠል ንግድና የነጋዴው ሚዛን

የመድኃኒት ተክል የንግድ ዕቃ ለመሆን መቻሉ አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ኮሶ በ19ኛው ምእተ ዓመት በአውሮፓ የመድኃኒት መዛግብት ውስጥ ተጽፎ ይሸጥ ነበር። ዛሬም በየካ ሾላ ገበያ የደጋው ጦስኝ፥ ጥቁር አዝሙድና እርድ ጎን ለጎን ለሽያጭ ይቀርባሉ። ነገር ግን አንድ ሻጭ በዕቃው ላይ «የአንጀት ነቀርሳ ያድናል» የሚል ቃል የጨመረ እንደ ሆነ፥ የሚሸጠው ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ተስፋ ይሆናል።

በእርድ ውስጥ የሚገኘው ኩርኩሚንና በጥቁር አዝሙድ ውስጥ የሚገኘው ታይሞኪኖን የአንጀት ነቀርሳን ሕዋሳት እድገት እንደሚገቱ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ሆኖም በብልቃጥ የታየው ሁሉ በሕሙማን ላይ ተረጋገጠ ማለት አይደለም። ከተክል ተነሥቶ ለትልቁ አንጀት ነቀርሳ ሕክምና የበቃው ኢሪኖቴካን፥ እ.ኤ.አ. በ1966 ይፋ ከሆነው የቻይና ዛፍ ንጥረ ነገር ተሠርቶ በአሜሪካ የተፈቀደው በ1996 ነው። ይህን ያህል ዓመት የፈጀውን ምርመራ በአንድ ከረጢት ቅጠል መተካት አይቻልም። በሰገራው ደም ያየ ሰው በቅጠል ተማምኖ ሐኪም ሳያይ ቢዘገይ፥ ጉዳቱ በገንዘብ አይመለስም።

ኢትዮጵያም የራስዋ ምሳሌ አላት። እ.ኤ.አ. በ1962 በአገሪቱ ከተለቀመ የአጣጥ ወገን ፍሬ ማይታንሲን የተባለ ብርቱ ንጥረ ነገር ተገኝቶ በ1972 ታተመ። በአንጀት ነቀርሳ ሕሙማን ላይ ጭምር ቢሞከርም፥ መርዛማነቱ ስለ በዛ ብቻውን መድኃኒት ሳይሆን ቀረ። ከእርሱ የተገኘው ሌላ ውሕድ ግን ከፀረ አካል ጋር ተጣምሮ በ2013 ለጡት ነቀርሳ በአሜሪካ ተፈቀደ። በመካከሉ ብዙ ተክል ባስፈለገ ጊዜ ለቀማው ወደ ኬንያ ዞረ፤ ኋላም ንጥረ ነገሩን ከደቂቅ ነፍሳት ማምረት ተቻለ። እንግዲህ ቍጥቋጦውን መንቀል ዘላቂ ገበያ አያስገኝም፤ ዘላቂው ጥቅም ያለው ናሙናው ከአገር ሲወጣ በሚፈረመው ውል ነው።

ይህም ሕግ አለው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 482 የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ፈቃድ እንዳይወሰድ፥ ከጥቅሙም ማኅበረሰቡ እንዲካፈል ይደነግጋል። ፈቃዱን የሚሰጠው የብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው።

«ገዢ ከፈለገ ምን ገዶን?» የሚል ነጋዴ አይታጣም። ነገር ግን ሐሰተኛ ስም የወጣለት አንድ ጭነት የብዙዎችን ቅን ነጋዴዎች ስም ያጐድፋል፤ ከእንጦጦ ኮረብታ ከነሥሩ የተነቀለ ተክልም ለከርሞ አይገኝም። ላኪው በእርሻ የበቀለውን በትክክለኛ ስሙ ይላክ፤ ባለሱቁ ቅመሙን በቅመምነቱ ይሽጥ፤ ፈውሱን ግን ለሐኪም ይተው። የሚዛን ክብር የሚጠበቀው በኪሎው ብቻ ሳይሆን በቃሉም ነው።