በቅበላ ውስጥ «በላ»ን ብቻ ለሚሰሙ

የቅኔ ተማሪ በመምህሩ እግር ሥር ሲቀመጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው፥ ቃሉን በሰሙ ብቻ የያዘ ሰው ወርቁን ከእጁ እንደሚጥል ነው። ይህ ትምህርት ለቅኔ ማኅሌት ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ለማዕድ ቤትም ያስፈልጋል። የዐቢይ ጾም ዋዜማ በደረሰ ቍጥር «ቅበላ» የሚለው ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሲዘዋወር፥ ብዙው ሰው ከቃሉ ውስጥ የሚሰማው መጨረሻውን ብቻ ነው፤ «በላ» የሚለውን። የቃሉ ወርቅ ግን ሌላ ነው።

ቅበላ «ተቀበለ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ተቀበለ ማለት የሚመጣውን እንግዳ ከደጅ ወጥቶ ተገናኘ፥ እጅ ነሥቶም ወደ ቤቱ አስገባ ማለት ነው። እንግዲህ ቀኑ ስሙን ያገኘው ከሚመጣው ከጾሙ ነው እንጂ ከሚሄደው ከሥጋው አይደለም። እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ቤቱን ይጠርጋል፥ ልብሱን ያጥባል፥ ከጎረቤቱ ጋር ተጣልቶ እንደ ሆነም እንግዳው ሳይገባ ይታረቃል። እንግዳው ከደጅ ሲደርስ ጠግቦና ሰክሮ የተኛ ሰው ግን እንዴት «ተቀበለ» ይባላል?

የዛሬው ቅበላ ምን እንደሚመስል ከማንም የተሰወረ አይደለም። ከጥምቀት በኋላ ሰርግ በሰርግ ላይ ይደረባል፤ በጾሙ ወራት ሰርግ አይደገስምና ድግሱ ሁሉ በነዚህ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጨናነቃል። የሁዳዴ መግቢያ ሲቃረብ ደግሞ የበሬው ቅርጫ፥ የበጉ እርድ፥ የዶሮው ወጥ በየቤቱ ይነሣል። እያንዳንዱ አገር ለደስታው ቀን የሚያወጣው የራሱ ማዕድ አለው፤ በጉራጌ ክትፎው ከአይብና ከጎመን ጋር በቆጮ ይቀርባል፤ በአጋሜ የገብሱ ጥሕሎ ከሥጋ ወጥ ጋር ይበላል፤ በወለጋ ጩምቦው፥ በአርሲ ጭኮው በቅቤ ርሶ ይወጣል፤ በሸዋ፥ በጎንደርና በጎጃም 12 ብልት የወጣለት ዶሮ ከነእንቍላሉ ከሞሰቡ ላይ ይወርዳል። በከተማም ሥጋ ቤቱ ከማለዳ እስከ ሌሊት በሰው ይሞላል። ይህ ሁሉ የእግዚአብሔር በረከትና የእናቶች ጥበብ ነው፤ በወጡም ሆነ በቅቤው ላይ ነቀፋ የለም። ነቀፋው በበላተኛው ላይ ነው፤ እርሱም በሦስት ይከፈላል።

አንደኛው፥ ሆዱን እንደ ጎተራ ቈጥሮ የ55 ቀን ስንቅ በአንድ ሌሊት ሊሞላበት መነሣቱ ነው። ሆድ ግን ጎተራ አይደለም፤ እሑድ ማታ ያለ ልክ የገባበት ሥጋ ለረቡዕ ስንቅ አይሆንም፥ ለሰኞ ሕመም ይሆናል እንጂ። የጾሙን መጀመሪያ ቀን ሆዱን ይዞ ሲያቃስት የዋለ ሰው እህል ባይቀምስም ጾመ አይባልም፤ ታመመ ይባላል።

ሁለተኛው፥ የሌለው ሰው እንዳለው ሰው ሆኖ ለመታየት መበደሩ ነው። ጎረቤት እንዳይታዘበው፥ ልጆቹም እንዳይሳቀቁ በማለት ያላገኘውን ገንዘብ ለሥጋ ያወጣል። ጾሙ ሲገባ የሚቈጥረው ሱባዔውን ሳይሆን ዕዳውን ነው፤ ትንሣኤም ሲደርስ የፋሲካውን በግ ሊገዛ የሚገባው ብር የቅበላውን በሬ ሲከፍል ያልቃል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው፥ ያለው ሰው ብቻውን መብላቱ ነው። የተነጠረው ቅቤ መዓዛ አጥሩን ተሻግሮ ከድኻው ቤት ይገባል፤ ሳሕኑ ግን አጥሩን አይሻገርም። መዓዛውን ለጎረቤት ልኮ ሥጋውን ለራሱ ያስቀረ ሰው ለጎረቤቱ የላከው ረኀብን ነው።

ቤተ ክርስቲያን ራሷ ይህን ጾም እንዴት እንደምትቀበለው ያስተዋለ ሰው በዚህ ነገር ባልተሳሳተ ነበር። ዐቢይ ጾም በዘመኑ ባሕረ ሐሳብ ከየካቲት 1 ቀን በፊት አይገባም፥ ከመጋቢት 5 ቀንም አያልፍም። በየትኛውም ቀን ቢገባ ጾመ ነነዌ 14 ቀን ቀድሞት ሰኞ ይገባል፥ ሦስት ቀንም ይጾማል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ለታላቁ ጾም መልእክተኛ አድርጋ የላከችው ታናሽ ጾምን ነው እንጂ ታላቅ ድግስን አይደለም። የቅበላው እሑድም በቤተ ክርስቲያን «ዘወረደ» ይባላል። በዚያ ዕለት የቅዱስ ያሬድ ጾመ ድጓ ይጀመራል፤ በጾሙም ወራት ከበሮውና ጸናጽሉ ዐርፎ በመቋሚያ ይዘመማል። እንግዲህ ሊቃውንቱ ከሰማይ ወርዶ ሥጋ የለበሰውን ጌታ ሲያመሰግኑ፥ ምእመኑ ሥጋ ሊገዛ ከልኳንዳው ደጅ ይሰለፋል። ሁለቱም ስለ ሥጋ ይናገራሉ፤ ነገር ግን አንደኛው ወርቁን ሁለተኛው ሰሙን ይዟል።

በዚህ ጊዜ መጽሐፍ ጠቅሶ የሚከራከር አይጠፋም። «ነቢዩ ኤልያስ 40 ቀን ከመጾሙ በፊት መልአኩ ቀስቅሶ ሁለት ጊዜ አበላው፤ በዚያም ምግብ ኀይል እስከ ኮሬብ ሄደ፤ እንግዲህ ለጾም አስቀድሞ መብላት መጽሐፋዊ ነው» ይላል። ጥቅሱ እውነት ነው፥ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በምዕራፍ 19 ተጽፏል። ዳሩ ግን ተከራካሪው በዚያ ማዕድ ላይ ምን ቀርቦ እንደ ነበረ አላነበበም። በክትክታው ዛፍ ሥር የቀረበው አንድ እንጎቻና አንድ ማሰሮ ውሃ ነበረ። በቅበላ ማዕዱ ላይ እንጎቻና ውሃ አቅርቦ ኤልያስን የሚጠቅስ ሰው ቢገኝ ክርክሩ ይሰማለታል። በሬ አርዶ ለሚከራከረው ግን የሚስማማው ጥቅስ በኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 11 ይገኛል፤ በምድረ በዳ ሥጋ አምሮት ድርጭቱን ያለ ልክ የሰበሰበው ሕዝብ ሥጋው ገና በጥርሱ መካከል ሳለ ተቀሥፏል፥ የተቀበረበትም ቦታ በምኞት መቃብር ተሰይሟል።

ይህ ፈተና የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ ጾሙን የሚያውቁ የክርስቲያን አገሮች ሁሉ ዋዜማውን በየልማዳቸው ያከብሩታል። አርመኖች የዋዜማውን ደስታ በጎ ኑሮ በሚል ስም ይጠሩታል። ሩሲያውያን ሥጋውን አንድ ሳምንት ቀድመው ይተዉና በቅቤው ሳምንት ወተት፥ እንቍላልና ብሊኒ የሚባለውን ስስ ቂጣ ይበላሉ፤ የሳምንቱ መጨረሻ እሑድ ግን የይቅርታ እሑድ ይባላል፥ በዚያ ቀን እርስ በርሳቸው ይቅርታ ይጠያየቃሉ። እንግሊዞች ለዋዜማው ማክሰኞ የሰጡት ስም ከኑዛዜ ቃል የወጣ ነው፤ በዚያ ቀን ሰው ኃጢአቱን ለካህን ይናዘዝበት ነበርና። ዛሬ ግን ብዙው ሰው ቀኑን የፓንኬክ ቀን ብሎ ይጠራዋል፤ ቂጣው ተረፈ፥ ኑዛዜው ተረሳ። በላቲን አፍ ደግሞ ካርኒቫል የሚለው ስም ሥጋን ማንሣት ወይም ማራቅ ከሚል ሐረግ እንደ ወጣ ሊቃውንት ያስረዳሉ። በዚያም ወገን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. በሮም ፓፓ በጳውሎስ 6ኛ የወጣው ሥርዓት የግዴታውን ጾም በዐመድ ረቡዕና በስቅለት ዓርብ ወስኖታል፤ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ግን የካርኒቫሉ ጭፈራ ከቀድሞው ይልቅ ደምቋል። አንባቢ ያስተውል፤ በዋዜማው ጾምን ረስቶ መብል ብቻ ያየ ሕዝብ ውሎ አድሮ ዋዜማው ይቀርለታል፥ ጾሙ ያልፍበታል። የሆድ ነገር በንጉሥም ፊት አያፍርም፤ የስዊድን ንጉሥ አዶልፍ ፍሬድሪክ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1771 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀን፥ በዚያው በጾም ዋዜማ ማክሰኞ፥ ከከባድ ድግስ በኋላ በወተት የተነከረውን የዋዜማ ዳቦ በልቶ በዚያው ዕለት ሞተ። ያ ንጉሥ ጾሙን ሳይቀበል መቃብር ተቀበለው።

ከዚህ በተቃራኒ የቆመ ሌላ ወገን ደግሞ አለ። እርሱ በትምህርቱ ተመክቶ «ጾም ከክፉ ሥራ መራቅ ነው እንጂ ከመብል መከልከል አይደለም፤ ቅበላውም ሁዳዴውም የሆድ ነገር ነውና ሁለቱም ይቅሩ» ይላል። ለዚህ ሰው መልሱ ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ የሰጠው ነው፤ በዚያ ጾም ሲተረጐም በታወቀ ጊዜ ከመብል መከልከሉም፥ የሥጋ ፈቃድ ለነፍስ መገዛቱም በአንድነት ተነግሯል። ሰውነቱን ሳያስለምድ ልቡን ብቻ አስጾማለሁ የሚል ሰው፥ እጁን ሳያነሣ መሬቱን አርሳለሁ እንደሚል ገበሬ ነው። ቅበላውም ይቅር ቢባል የሚጐዳው ባለጸጋው አይደለም፤ እርሱ ሥጋን በፈለገ ጊዜ ያገኘዋል። የሚጐዳው ዓመት እስከ ዓመት ሥጋ የማያይ፥ በዚህ ቀን ግን ከሰው ፊት ቢያንስ አንድ ጉርሻ የሚጠብቅ ድኻ ነው። ስለዚህ ቅበላ መጥፋት አይገባውም፤ መታረም ይገባዋል።

እርማቱም ከሩቅ የሚፈለግ አይደለም፥ በመጽሐፈ ነህምያ ተጽፎ ይገኛል። በሰባተኛው ወር በመጀመሪያው ቀን ሕዝቡ የሕጉን መጽሐፍ ሰምቶ ባለቀሰ ጊዜ፥ የሰባውን እንዲበላ ጣፋጩንም እንዲጠጣ ተፈቀደለት፤ ነገር ግን በዚያው ትእዛዝ ምንም ላላዘጋጀው ሰው ድርሻውን እንዲልክ ታዘዘ። በዚያው ወር በ24ኛው ቀን ያው ሕዝብ ማቅ ለብሶ በጾም ተሰበሰበ። የበላውም ያልበላውም እኩል ሆኖ ወደ ጾሙ ገባ። ይህ እውነተኛ ቅበላ ነው። ከትእዛዙ ውስጥ «ብሉ» የሚለውን ይዞ «ላኩ» የሚለውን የተወ ሰው ግማሹን ሰምቶ ሙሉውን ፈጸምሁ የሚል ነው።

ሁዳዴ የሚለውም የጾሙ ስም ይህንኑ ያስተምራል። ሁዳድ በቀድሞው ዘመን ሕዝቡ በአንድነት ወጥቶ የሚያርሰው የመንግሥት መሬት ነበረ፤ አንዱ ብቻውን አርሶ የሚጨርሰው አልነበረም። ጾሙም በዚህ ስም የተጠራው የሁሉ የጋራ ሥራ ስለ ሆነ ነው ይባላል። ወደ ጋራ ሥራ የሚወጣ ሕዝብ ግማሹ ጠግቦ ግማሹ ተርቦ ቢወጣ እርሻው እንዴት ይቃናል?

እንግዲህ የሚጠየቀው ሥራ ትንሽና የታወቀ ነው። ቅርጫ የሚያርዱ ጎረቤቶች መደቡን ሲያወጡ ከባለገንዘቦቹ ቍጥር አንድ መደብ አስበልጠው ለሌለው ያውጡ፤ ኃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ለኃምሳ ሰው ጌጥ እንደ ሆነ አባቶች ተናግረዋል፥ የአንዱም ድኻ መደብ ከብዙ ሰው ድርሻ ላይ ሲቀነስ ማንንም አያጐድልም። በየአጥቢያው ያለው ሰንበቴም ለዚህ የተዘጋጀ ነው፤ ቅበላው እሑድ ይውላልና በዚያ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ የሚቀርበው እንደ ወትሮው ዳቦና ጠላ ብቻ ሳይሆን፥ ማኅበርተኛው ከቤቱ ማዕድ ድርሻውን አምጥቶ ነዳያኑን በደጀ ሰላም ያስቀምጥ። የተጣላም ሰው ሰኞ ሳይነጋ ይታረቅ፤ ሥጋን ከአፉ አውጥቶ ቂምን በልቡ ያስቀረ ሰው ምን እንደ ጾመ ለራሱም አይገባውም።

በዚህ ነገር የካህናት ዕዳ ከሁሉ ይበልጣል። በቅበላ ዕለት ከባለጸጋው ቤት ገብቶ ማዕዱን ባርኮ፥ ጠግቦም አመስግኖ የሚወጣ ካህን ብዙ ነው፤ ሲወጣ ከበሩ ላይ ስለ ቆመው ድኻ ግን ለባለቤቱ አንድ ቃል የሚናገረው ጥቂት ነው። ዝም ያለ ቡራኬ ባለጸጋውን ጻድቅ ያስመስለዋል፥ ድኻውንም እንደ ተረገመ ያስቈጥረዋል። የንስሐ አባት በዚያ እሑድ ከንስሐ ልጁ ቤት ሲገባ «በልታችኋልን?» ብሎ መጠየቅ አይገባውም፤ መብላታቸውን ከመዓዛው ያውቃል። የሚጠይቀው «ከማን ጋር በላችሁ? ለማን ላካችሁ? ከማንስ ታረቃችሁ?» ብሎ ይሁን። መልሱን እስኪሰማም እጁን ወደ ማዕዱ አይዘርጋ።