ቋንቋው የጋራ፣ በሩ የተቆለፈ

ዲጄው አዲስ ኮንትሮለር ገዝቶ ከኮምፒዩተሩ ጋር ያገናኛል። መብራቱ ቦግ ይላል፤ ማዞሪያው ሲዞር ግን ሙዚቃው ንቅንቅ አይልም። «ይህ ዕቃ ከፕሮግራማችን ጋር አይሠራም» ይሉታል። ለመሆኑ ለምን?

የቴክኒክ ነገር ነው እንዳይሉን! እ.ኤ.አ. በ1983 ሮላንድና ሴኩዌንሻል የተባሉ ተፎካካሪዎች ጁፒተር 6ንና ፕሮፌት 600ን በገመድ አገናኝተው አነጋገሩ። ያ ቋንቋ፣ ሚዲ፣ ያለ ክፍያ ለሁሉም ተሰጠ።

እርግጥ ሚዲ የማዞሪያውን መለያና አብዛኛውን ጊዜ ከ0 እስከ 127 ያለ መጠን ይልካል እንጂ ማዞሪያው ለድምፅ ይሁን ለፍጥነት አይናገርም። ተርጓሚ ዝርዝር ያሻዋል። ዝርዝሩ ግን ተአምር አይደለም፤ ሚክስ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ሰዎች ራሳቸው እየጻፉ ይለዋወጡታል።

ታዲያ የተወሰኑ ዕቃዎችን ብቻ የሚቀበሉት ነጋዴዎች ምን ይላሉ? «ለማናውቀው ዕቃ ዋስትና መስጠት ወጪ አለው።» እሺ፣ ዋስትናውን ይንፈጉን፤ በሩን ግን አይቆልፉብን። ደህና ዕቃ ጥሎ ሌላ መሸመት ለማን ጥቅም ነው?

ገዢም ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ፦ «ዝርዝሩን ራሴ መጻፍ እችላለሁ?» መልሱ «አይቻልም» ከሆነ፣ የገዛው ላም አለኝ በሰማይ ነው።