“ኔትወርክ የለም” ስንት ያስከፍላል?

አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ቺሮ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ሐረር በሚወስደው አውራ ጎዳና 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የንግድ ከተማ ናት። ከገለምሶና ከበዴሳ የሚመጣው ቡናና ጫት፣ ከሚኤሶ ቆላ የሚነዳው ከብት፣ ከመሐል አገር የሚጫነው ሸቀጥ በአካባቢዋ ያልፋል። ገንዘቡም አብሮ ያልፋል። ልዩነቱ ግን ዛሬ ገንዘብ የሚጓዘው በአስፋልት ሳይሆን በሽቦና በሞገድ መሆኑ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ኬላ ሆኖ የሚጠብቀን ደግሞ ሁላችንም የለመድነው አንድ አባባል ነው፤ “ኔትወርክ የለም”።

ይህን የሰማ ነጋዴ ምን ያደርጋል? ከንፈሩን ይመጥና ይቀመጣል። ሾፌሩ ሞተር አጥፍቶ ይጠብቃል፤ ደላላው ስልኩን እየነካካ ይቆማል። ጫት ደግሞ እንደ ሲሚንቶ መጋዘን ገብቶ የሚያድር ዕቃ አይደለም፤ ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ ዋጋው ከቅጠሉ ጋር ይጠወልጋል። ክፍያው ባለመድረሱ ጭነት ለሁለት ሰዓት ሲዘገይ፣ መድረሻው ገበያ ላይ የሚጠብቀው ዋጋ የጠዋቱ ዋጋ አይሆንም። ቀድሞ የስልክ መስመር ሲቋረጥ የሚቀረው ወሬ ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና ባንኮችም አገልግሎታቸውን በስልክ ላይ ካደረጉ ወዲህ ግን የሚቀረው ገንዘብ ነው።

በበኩሌ ዋናው ችግር የመስመሩ መቋረጥ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ትልቁ ችግር የት እንደተቋረጠ የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። “ኔትወርክ የለም” የሚለው አባባል አምስት የተለያዩ በሽታዎችን በአንድ ስም ይጠራል። በአንድ ስም ለሚጠሩ አምስት በሽታዎች ደግሞ መድኃኒት አይገኝም።

የት ነው የተቋረጠው?

ፍለጋው ከቅርብ ወደ ሩቅ መሄድ አለበት። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። የራውተሩና ኮምፒዩተሮቹን የሚያገናኘው ስዊች መብራቶች ካልበሩ ቴሌን መውቀስ ከንቱ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚፈጠረው መዋዠቅም ዕቃውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ይገድለዋል። አንድ ቀን ሠርቶ አንድ ቀን የሚያምጽ ራውተር ብዙውን ጊዜ የኃይል ማስተላለፊያው የተጎዳበት ነው።

ሁለተኛው ገመዱ ነው። የተለመደው የኔትወርክ ገመድ ከ100 ሜትር በላይ እንዲዘረጋ አልተሠራም። በር የሚቀረቅረው፣ አይጥ የሚበላው፣ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር ተጠምጥሞ የተዘረጋ ገመድ ሙሉ በሙሉ ሳይበጠስ መረጃ ይጥላል። አንዳንዴም አንድ ሠራተኛ ቢሮ ሲያጸዳ የወደቀ ገመድ አግኝቶ ሁለቱንም ጫፍ በዚያው ስዊች ላይ ይሰካል። ያን ጊዜ መረጃው መውጫ አጥቶ በራሱ ላይ ይሽከረከራል፤ የስዊቹ መብራቶች ሁሉ በአንድነት እንደ ዕብድ ያብለጨልጫሉ፤ መላው ቢሮ ይቆማል። መድኃኒቱ አንድ ገመድ መንቀል ብቻ ነው፤ ይህን የማያውቅ ድርጅት ግን ባለሙያ ከድሬዳዋ እስኪመጣ ቀኑን ሙሉ ሊዘጋ ይችላል።

ሦስተኛው አድራሻ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒዩተር እንደ ፖስታ ሣጥን የራሱ ቁጥር አለው። ቁጥሩ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒዩተሩ ከራውተሩ አድራሻ ለምኖ አጥቶ ለራሱ የሰጠው ነው ማለት ነው። ሁለት ኮምፒዩተሮች አንድ ቁጥር ሲይዙ ደግሞ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ ባለቤቱም “ዛሬ መስመሩ ይመጣል ይሄዳል” ይላል።

አራተኛው ከቤት ውጭ ያለው መስመር ነው። ይህን ለመለየት በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ ያለ ፒንግ የሚባል ትንሽ መሣሪያ ይበቃል። ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታኅሣሥ 1983 የጻፈው ይህ መሣሪያ ሥራው ድምፅ ጥሎ የገደል ማሚቶውን እንደ መጠበቅ ነው። በመጀመሪያ የራስን ራውተር ይጠይቋል። መልስ ካለ የቤት ውስጡ ደህና ነው። ቀጥሎ እንደ 8.8.8.8 ያለ የውጭ ቁጥር ይጠየቃል። ራውተሩ እየመለሰ ውጭው ዝም ካለ ችግሩ ከደጃፍ ውጭ ነው። ቁጥሩ እየመለሰ በስም የሚጠራ ገጽ አልከፈት ካለ ደግሞ የተበላሸው መስመሩ ሳይሆን ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ማውጫ ነው።

አምስተኛው፣ ሁሉም እየሠራ የባንኩ ወይም የአቅራቢው ሲስተም ብቻ የማይመልስበት ነው። ያኔ ሲም መቀየርም ሆነ ራውተር ማጥፋትና ማብራት ፋይዳ የለውም፤ የሚያዋጣው በሌላ ባንክ መክፈል ነው።

ይህ ሁሉ ፍተሻ ለሠለጠነ ጸሐፊ ከአምስት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም።

የ1 ከመቶ ሒሳብ

አሁን ወደ ገበያችን ቋንቋ እንምጣ። አንድ አገልግሎት ሰጪ “99 ከመቶ አስተማማኝ ነኝ” ቢለን ጥሩ ይመስለናል። ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። የዚህ 1 ከመቶ ከ87 ሰዓት በላይ ይሆናል። መቋረጡ በሥራ ሰዓት ከዋለና ድርጅቱ በቀን 10 ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ወደ ዘጠኝ የሥራ ቀናት ይጠጋል።

እንበል፣ አንድ የጅምላ መደብር በሰዓት የ12,000 ብር ሽያጭ አለው፤ ከእያንዳንዱ 100 ብር 5 ብር ያተርፋል። ሁለት ሰዓት ሲቆም ያጣው 24,000 ብር አይደለም፤ ዕቃው መደርደሪያው ላይ አለ። ያጣው 1,200 ብር ትርፍ ነው። ከገዢዎቹ ግማሾቹ ነገ ከተመለሱ ኪሳራው ወደ 600 ብር ይወርዳል። ግን የሠራተኛ ደመወዝና የቤት ኪራይ አይቆምም፤ ሄዶ የቀረ ደንበኛም አለ። ይህን በወር ስንት ጊዜ እንደሚደርስበት የሚያውቅ ነጋዴ ባትሪ መግዛት ያዋጣው ወይም አያዋጣው፣ ሁለተኛ መስመር ያስፈልገው ወይም አያስፈልገው በወረቀት ይወስናል። የማያውቀው ግን ወይ በንዴት ይገዛል ወይ በንዴት ይተዋል።

ሁለተኛ መስመር ስንል አንድ ነገር ልብ ይሏል። ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም አገልግሎት ጀምሯል፤ ሽፋኑ ባለበት ሁለት ሲም መያዝ ብልህነት ነው። ሆኖም ሁለቱ በአንድ ምሰሶ ላይ ቆመው በአንድ የኃይል መስመር የሚኖሩ ከሆነ ስማቸው ሁለት ይሁን እንጂ አደጋቸው አንድ ነው። ይህንንም የሚነግረን ሁለቱ በየትኛው ሰዓት እንደጠፉ የሚያሳይ መዝገብ ብቻ ነው።

“ቀርፋፋ ነው” የሚለውም ስሞታ ሒሳብ ይወዳል። በሴኮንድ 4 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ መስመር በሴኮንድ ግማሽ ሜጋባይት ያወርዳል። አንድ ኮምፒዩተር 1 ጊጋባይት የሚሆን የዊንዶውስ ማሻሻያ ለራሱ መሳብ ቢጀምር መስመሩን ከግማሽ ሰዓት በላይ ይይዘዋል። በዚህ መሐል የሌላው ጠረጴዛ የባንክ ገጽ ቢንቀረፈፍ ሌባው ከቤት ነው። ማሻሻያው ማታ እንዲወርድ ማዘዝ ወጪ የለውም።

ብልሽት ሳይሆን ዘግይቶ ማወቅ

ክትትል ለትልልቆች ብቻ የሚመስለው ቢኖር የትልቁን ታሪክ ያስታውስ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ሌሊት ለቅዳሜ አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለው ገንዘብ በላይ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ ፈቀደ። ብሔራዊ ባንክ ጉዳዩ ከጥገናና ከፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ እንጂ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን አስታወቀ። ያላግባብ የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደነበረ ባንኩ ራሱ ገልጿል። ብልሽት የማይደርስበት ድርጅት የለም። ኪሳራውን የሚያበዛው ብልሽቱ በደረሰበትና በታወቀበት ሰዓት መካከል ያለው ርቀት ነው።

ይህን ርቀት ለማሳጠር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ናጂዮስና ዛቢክስ የተባሉት የኔትወርክ መከታተያ ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ፤ በአሮጌ ኮምፒዩተርም ይሠራሉ። በየአምስት ደቂቃው ራውተሩን፣ የውጭውን መስመርና የባንኩን ገጽ እየጠየቁ መልስ የጠፋበትን ደቂቃ ይመዘግባሉ። ይህም የሚከብደው ባለሱቅ አንድ ደብተርና አንድ እስክርቢቶ ይያዝ፤ ቀን፣ የጠፋበት ሰዓት፣ የተመለሰበት ሰዓት፣ የራውተሩ መብራት ሁኔታ፣ ምን ተደርጎ እንደተመለሰ ይጻፍ።

“ብጽፍስ ማን ይሰማኛል?” የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ የአንድ ሰው ደብተር ስሞታ ነው። የአሥር ሱቅ ደብተር ግን ማስረጃ ነው። አሥሩም በአንድ ደቂቃ ከጠፉ ችግሩ ከውጭ ነው፤ ዘጠኙ ሲሠሩ አንዱ ከጠፋ ችግሩ እቤቱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የአገልግሎት ጥራትን የመቆጣጠርና የተጠቃሚን አቤቱታ የማየት ኃላፊነት አለበት። ሰዓትና ቀን ያለው፣ አሥር ነጋዴ የፈረመበት ወረቀት ይዞ መቅረብና “ሁልጊዜ ይጠፋል” እያሉ ማማረር አንድ አይደለም።

ደብተር ሁሉን አይፈታም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላው አገሪቱ የተዘጋው ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይ የትኛውም ፍተሻ ሊያስከፍተው አይችልም ነበር። ነገር ግን ያን ጊዜም ቢሆን ችግሩ ከእጁ ውጭ መሆኑን በመጀመሪያው ቀን የለየ ነጋዴ ወደ ጥሬ ገንዘብና ወደ ስልክ ትዕዛዝ ለመዞር ጊዜ ያገኛል፤ ያልለየው ራውተሩን ሲያጠፋና ሲያበራ ይሰነብታል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የቺሮ ነጋዴዎች ተሰባስበው አንድ የጋራ ባለሙያ በወር ክፍያ ይቅጠሩ፤ ለየብቻ የሚከብደው ደመወዝ ለአሥር ሲካፈል ቀላል ነው። በከተማዋ የሚገኘው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን ለተግባር ልምምድ ወደ መደብሮቹ ቢልክ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል። ባንኮችና የቴሌኮም ድርጅቶች ደግሞ በየከተማው አገልግሎት የጠፋበትን ሰዓትና ምክንያት በየወሩ ያሳውቁ። ደንበኛ ዕቃ ሲገዛ ሚዛኑን እንደሚያይ፣ መስመር ሲገዛም ማየት መብቱ ነው።

አሰበ ተፈሪ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ ለሌላው አርአያ እንድትሆን ያቋቋሟት ከተማ ናት። በዚህም ነገር አርአያ ብትሆን ያምርባታል። ኪሎ ሲጎድልበት ዝም የማይል ነጋዴ ሰዓት ሲጎድልበት ዝም ማለት የለበትም። ሚዛኑ ደብተሩ ነውና ከነገ ጠዋት ጀምሮ ይከፈት።