እናቲቱ የት ሄደች?

ጠቤ ከፎቶግራፍ ጋር አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። እኔ ራሴ የሕፃንነት ፎቶ የለኝም። የመጀመሪያ ፎቶዬ ለትምህርት ቤት መታወቂያ የተነሣሁት ጉርድ ነው፤ ከዚያ በፊት ምን እመስል እንደነበር የሚነግረኝ የለም። ስለዚህ የዛሬ ልጆች ገና በአራስ ቤት ሳሉ በዘመድ ስልክ ፎቶ ቢነሡ ደስታዬ ነው። የሚያናድደኝ አነሣሡ ነው።

ነገሩን ያየሁት ወንጪ ነው፤ ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚያሻግረው መንገድ ላይ፣ አራስ ልጠይቅ ሄጄ። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ ከመረጣት ወዲህ ወንጪ ለካሜራ እንግዳ አይደለችም። ሐይቁ ቀኑን ሙሉ ፎቶ ሲነሣ ቢውል ግድ የለም፤ ሐይቅ አይበርደውም።

የአራሷ ወንድም፣ ከአምቦ የመጣ ጎረምሳ፣ በስልኩ አንድ የፈረንጅ ሕፃን አሳየን። ራቁቱን በቅርጫት ውስጥ ሆኖ፣ አገጩን በሁለት መዳፎቹ ደግፎ እንቅልፉን ይለጥጣል። «የኛንም እንዲህ ነው የማነሣው» አለ። እንቅብ ተፈለገ፣ ኮባ ተነጠፈበት። ሕፃኑ ከእናቱ ጉያ ወጣ፣ ከጋቢው ተገፈፈ፤ ሐይቁ ከኋላ እንዲታይ ደግሞ ወደ ደጅ! አያትየው በሩ ላይ ተገትረው «ዓይን ይበላዋል፣ መልሱት!» አሉ። ጎረምሳው ሳቀ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ፈገግ ብያለሁ።

ፈገግታዬ ዛሬ ያሳፍረኛል። የአያትየው ምክንያት ቡዳም ይሁን ሌላ፣ ፍርዳቸው ከእኛ ከተማርነው ይበልጥ ነበር። አዲስ የተወለደ ልጅ ከክብደቱ አንጻር ገላው ሰፊ ነው፣ ስቡ ስስ ነው፣ እንደ ትልቅ ሰው ተንቀጥቅጦ ራሱን ማሞቅ አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃን ሙቀት ከ36.5 ዲግሪ ከወረደ ብርድ መታው ይላል፤ የሚወለድበት ክፍልም ከ25 ዲግሪ እንዳያንስ ይመክራል። ወንጪ ግን 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ደጃፏ ላይ እኔ ካፖርት ለብሼ ቆሜ ነበር!

ደግሞስ ያ የተቀዳው ፎቶ እውነተኛ መሰላችሁ? አንገቱ ያልጠና ሕፃን ራሱን በመዳፉ ደግፎ አይተኛም። ሥራውን የሚያውቁት ሰዎች ክፍሉን አሙቀው፣ አንድ ጊዜ ራሱን ሌላ ጊዜ እጆቹን ሰው ይዞለት ሁለት ፎቶ ያነሣሉ፤ ኋላ ሁለቱን በኮምፒዩተር አጋጥመው የያዘውን እጅ ያጠፉታል። የእኛ ጎረምሳ የጠፋውን እጅ አላየም። ስላላየውም የሌለ መሰለው።

የጠፋው እጅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የእናት ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓና አሜሪካ ካሜራው ረጅም ጊዜ ይፈልግ ስለነበር፣ ሕፃኑ እንዳይንቀሳቀስ እናቲቱ ከላይ እስከ ታች ጨርቅ ተከናንባ እንደ ወንበር ሆና ትይዘው ነበር። ዛሬ ካሜራው በቅጽበት ያነሣል፤ ታዲያ አሁንስ የምንሸፍናት ለምንድን ነው? ዘጠኝ ወር የተሸከመች፣ ያማጠች እርሷ፤ በፎቶው ላይ ያለው ግን እንቅብ! በ1978 እ.ኤ.አ. የቦጎታ ሐኪሞች ማሞቂያ መሣሪያ ሲያጥራቸው ያለ ቀናቸው የተወለዱትን ሕፃናት በእናቶቻቸው ደረት ላይ አጣብቀው ማሞቅ ጀመሩ። ዘዴው ዛሬ በእኛም ሆስፒታሎች ይሠራበታል።

እናቶች ራሳቸው «እኔን ተወኝ፣ ፊቴ አብጧል፣ ፀጉሬ አልተሠራም» ማለታቸው አይቀርም። ካልፈለገች አትነሣ፤ መብቷ ነው። ግን አንድ ጊዜ እንኳ ልመና ይገባታል። ያን ያበጠ ፊት ልጁ አንድ ቀን ይፈልገዋል። ብርሃንም ቢሆን በበሩ ስንጥቅ የሚገባው ይበቃል፤ ፍላሹን ማጥፋት፣ ልጁን ከነጋቢው እቅፏ ውስጥ መተው ነው። ገንፎው፣ ጭሱ፣ ጠያቂው ሁሉ አብሮ ቢገባ ምን ይጎዳል? ፌስቡክ ላይ መለጠፉም ቢያንስ እናቲቱ እስክትፈቅድ ይቆይ።

ያን ቀን ሕፃኑ ሲያለቅስ ከንፈሩ ጠቆረ። አያትየው ጎረምሳውን ገፍተው ከእንቅቡ አነሡትና ወስደው ለእናቱ ሰጡ። እርሷም ደረቷን ገልጣ ከገላዋ አጣበቀችው፣ ጋቢውን በላዩ ደረበች። ጥቂት ቆይቶ ዝም አለ፤ አንዲት ትንሽ እጅ ብቻ ከጋቢው ወጥታ አንገቷ ላይ ተለጠፈች። ጎረምሳው ግን ስልኩን አንገቱን ደፍቶ ያየ ነበር፤ ያነሣቸውን ሊመርጥ።