ለሐዘን እንደምንሰበሰብ ለውጤት ቀንም እንሰብሰብ

ዛሬ የምናነሣው የመዋጮ ወይም የቦይ ጠረጋ ጉዳይ አይደለም። በየቤቱ እያለ ማንም ደፍሮ የማይናገረው ነገር ነው። ይኸውም ካንሰር ታክሞ የተሻለው ሰው ለክትትል ምርመራ ሄዶ ውጤቱን እስኪሰማ ድረስ የሚይዘው ጭንቀት ነው።

ሕክምናው ሲያበቃ ሁላችንም ደስ ይለናል። ቡና ይፈላል፣ ጎረቤቱ «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» ይላል፣ ከዚያ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ለታካሚዋ ግን አላለቀም። ለምሳሌ የጡት ካንሰር የታከመች ሴት በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት በየ3 ወይም በየ6 ወሩ፣ በ4ኛውና በ5ኛው ዓመት በየ6 ወሩ ወይም በዓመት አንዴ፣ ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ሐኪም እንዲያያት ይመከራል። ሒሳቡን እንሥራው ካልን፣ በ5 ዓመት ውስጥ ሲያንስ 8 ጊዜ፣ ሲበዛ 16 ጊዜ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ልብ ይሰቀላል፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ሌሊቱ አልነጋ ይላል።

ቀጠሮው ሲቃረብ ጀርባን ትንሽ ቆረጥ ቢያደርግ «ተመለሰብኝ» ያሰኛል። ሳል ቢመጣ ያስደነግጣል። ምግብ አይበላም፣ ልጅ ላይ ይጮኻል። ይህ የእምነት ማነስ ወይም የፈሪነት ምልክት አይደለም። ባሕር ማዶም ያው ነው። ብሩስ ፋይለር የሚባል የአጥንት ካንሰር የታከመ አሜሪካዊ ጸሐፊ በ2011 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ፍርሃት ታይም በሚባለው መጽሔት ላይ ጽፏል። በእነሱ ዘንድ ይህ ፍርሃት የራሱ ስም እስከ መውጣት ደርሷል። መሣሪያው በሞላበት፣ ገንዘቡ ባለበት አገር ያለ ሰው እንዲህ ከተጨነቀ የእኛ ሰው ቢጨነቅ ምን ይደንቃል?

ጭንቀቱን አንነቅፍም። የሚያሰጋን ጭንቀቱ የሚያስከትለው ነገር ነው። «ካላወቅሁት አይጎዳኝም» ብሎ ቀጠሮውን የሚያሳልፍ ሰው አለ። ደኅና ነኝ ብሎ መድኃኒቱን የሚያቋርጥም አለ። ከጡት ካንሰር በኋላ ለአንዳንዱ ሰው የሚታዘዘው ታሞክሲፊን የሚባለው ክኒን ለ5 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የሚዋጥ ነው፤ ሐኪም ሳያዝ አይቋረጥም። በሽታው ቢመለስም ቶሎ የተገኘውና ዘግይቶ የተገኘው እኩል አይሆንም። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለዚህ ነው። ጸሎቱም ይቀጥል፣ ቀጠሮውም አይቅር።

ከዚህ ሌላ አንድ የምላስ ችግር አለብን። ካንሰርንም «ነቀርሳ»፣ ቲቢንም «የሳምባ ነቀርሳ» እንላለን። ስማቸው ስለተመሳሰለ ብቻ አንዳንዱ ሰው ከካንሰር ታካሚ ጋር በአንድ ሲኒ መጠጣት ይፈራል። የሳምባ ቲቢ በትንፋሽ ይተላለፋል። ካንሰር ግን አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመጠጣት፣ በመጨባበጥ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ውጤት የሚጠብቅ ሰው ላይ ይህን መሸሽ ስንጨምርበት ሸክሙ እጥፍ ይሆናል።

እኛ የኦቶና ሰዎች ሆስፒታል ደጅ ላይ ነው ያደግነው። ሚሲዮኖች በ1920ዎቹ መጀመሪያ መጥተው ከሰፈሩ ጀምሮ ይህ ሰፈር የሕክምና ሰፈር ነው። ዛሬም የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እዚሁ ነው። ቢሆንም ሆስፒታል አጠገብ መኖር ከፍርሃት አያድንም። ደግሞም የካንሰር ነገር ብዙውን ጊዜ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። የጨረር ሕክምና በአገራችን ለብዙ ዓመታት ይሰጥ የነበረው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ነው ጅማም የጀመረው። ከሶዶ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ታካሚው ሌሊት ተነሥቶ መናኸሪያ ይወርዳል፣ ማደሪያ ይፈልጋል፣ ወረፋ ይጠብቃል፣ «ከሳምንት በኋላ ተመለስ» ሲባል ደግሞ እንደገና ገንዘብ ይፈልጋል። አንዳንዱ የሚቀረው ፈርቶ ሳይሆን መሳፈሪያ አጥቶ ነው። መሳፈሪያ አጣሁ ማለት ስለሚያሳፍረው ግን «ደኅና ነኝ፣ ምን አስኬደኝ» ይላል።

ስለዚህ አስተያየታችን ይህ ነው። ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ሦስት ቀን አብረን እንቀመጣለን። መልካም ልማድ ነው፣ ይቀጥል። ነገር ግን ለሞተው ይህን ያህል ከሆንን በሕይወት ላለውና ለሚጨነቀው ሩቡን ብናደርግ ምን ይለናል?

አንደኛ፣ ከማኅበሩ ሣጥን ለክትትል ቀጠሮ የሚሆን የመሳፈሪያ ብድር ይኑር። በመዝገቡ ላይ «የጉዞ ብድር» ተብሎ ብቻ ይጻፍ፣ የበሽታው ስም አይጻፍ። ሁለተኛ፣ ውጤት ለመስማት የሚሄድ ሰው ብቻውን አይሂድ። የተጨነቀ ጆሮ ግማሹን ነው የሚሰማው፤ አጃቢው ሐኪሙ ያለውን ያዳምጥ፣ ይጻፍ። የድሮውን ወረቀትና ፊልም መያዙንም ይይ፤ ሐኪሙ አዲሱን ከአሮጌው ጋር ያስተያየዋልና። ምርመራው ሲያልቅም «ውጤቱ መቼ ይደርሳል? ማን ይነግረናል?» ብሎ ይጠይቅ። ቀኑ የታወቀ ጥበቃ ካልታወቀው ይሻላል። ሦስተኛ፣ ተጓዡ እስኪመለስ ቤቱን፣ ከብቱን፣ ልጆቹን ጎረቤት ይያዝለት።

አራተኛው ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ሰውየውን መንገድ ላይ አቁመን «እንዴት ሆነ ውጤቱ?» አንበለው። ውጤቱ የእሱ ነው፣ ሲፈልግ ይናገራል። «አይዞህ፣ ምንም የለብህም» ማለትም አይረዳውም፤ እኛ ሐኪም አይደለንም። ይልቅ «እሑድ ቤትህ እንመጣለን፣ ቡናውን እኛ እናመጣለን» እንበለው። ስለ ገበያው፣ ስለ ጊፋታ ዝግጅት እናጫውተው፤ እሱ ስለ ፍርሃቱ ካነሣ ደግሞ ወሬውን ሳናስቀይር እንስማው።

ለታካሚዎችም አንድ ቃል አለን። አዲስ ሕመም ተሰምቷችሁ ካልለቀቃችሁ የቀጠሮውን ቀን አትጠብቁ፣ ለሐኪም ንገሩ። እስከዚያው እጃችሁን ሥራ አስይዙት፣ በእግር ተንቀሳቀሱ፣ ለአንድ የምታምኑት ሰው ተናገሩ።

«ማኅበሩ የተቋቋመው ለቀብር ነው፣ ሣጥኑ ይራቆታል» የሚሉ አባላት እንዳሉ እናውቃለን። ሣጥኑን መጠበቃቸው ትክክል ነው። ለዚህም ነው ስጦታ ሳይሆን ብድር ያልነው፤ ጣሪያውንም ጠቅላላ ጉባዔው ይወስን። ደንቡን የጻፍነው እኛው ነን፣ አንድ አንቀጽ መጨመርም አይከብደንም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለም?

ውጤቱ ክፉ ቢሆንስ? ያኔ ነው ይበልጥ የምናስፈልገው። ያን ወሬ ሰምቶ በሰው አገር መናኸሪያ ብቻውን ከሚቆም፣ ከአጠገቡ የሰፈሩ ሰው ይኑር። ደግ ወሬ ከሆነም ደስታውን የሚካፈለው አይጣ።

በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ሐሳቡን እናቀርባለን። የሚደግፍም የሚቃወምም መጥቶ ይናገር።

ከማኅበሩ ጸሐፊ
ኦቶና፣ ወላይታ ሶዶ